ዳክዬዋ ያላለችው

በዚያ ዘመን ናይሮቢ ውስጥ እኔን የሚያክል አስተርጓሚ የለም ብዬ አምን ነበር። ሌሎችም ስለሚያምኑ ብቻዬን አላበድኩም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ዌስትላንድስ አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ ስደተኞች የሚሰጡትን ቃል ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። እሑድ ደግሞ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር፣ ቤተ ክርስቲያናችን ከአንድ ትምህርት ቤት በሚከራየው አዳራሽ፣ የእንግዳ ሰባኪዎችን ስብከት ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ሰባኪው እጁን ሲያነሳ እጄን አነሳለሁ፣ ሲጮህ እጮኻለሁ፣ መድረኩን ከዳር እዳር ሲመላለስ ተከትዬው እመላለሳለሁ። ሲያስለው ብቻ አልስልም።

የዚህ ሥራ ሕግ አንድ ነው። «እሱ እንዲህ አለ» አይባልም፤ «እኔ» ነው የሚባለው። ሰውየው «ሚስቴ ጥላኝ ሄደች» ካለ፣ እኔም ሴት ሆኜ፣ ፊቴን ሳላጨማድድ «ሚስቴ ጥላኝ ሄደች» እላለሁ። በሥራ ዘመኔ ሁለት ጊዜ ወታደር፣ አንድ ጊዜ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ጊዜ ደግሞ ጢማም ባል ሆኛለሁ። በሰው ቃል ላይ አንዲት አልጨምርም፣ አንዲት አልቀንስም። ይህን ለሰው ሁሉ እናገር ስለነበር ሰው ሁሉ ያውቀው ነበር።

ቤቴ ውስጥ ግን ልነግራት የሚገባኝን ያልነገርኳት አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች።

የእህቴ ልጅ ናት። እህቴ ልጅቷ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ለቤት ሠራተኝነት ቤይሩት ሄደች፤ ከዚያ በስንት ውጣ ውረድ ካናዳ ገባች። እኔ ልጅቷን ይዤ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ መጣሁ። እህቴን ለምን ያህል ጊዜ ነው ብዬ ስጠይቃት «እስክደላደል ነው» ብላኝ ነበር። መደላደሉ ስምንት ዓመት ፈጀ። በየዓመቱ ልብስ ትልካለች፤ ልብሱም ሁልጊዜ በአንድ ዓመት ያንሳል። መጀመሪያ እናደድ ነበር። ኋላ ግን ገባኝ፤ እሷ በልቧ የያዘቻት ልጅ የምታድገው ከእኔዋ ቀስ ብላ ነው። ስለዚህ ልብሱን ለጎረቤት ልጅ እየሰጠሁ «ልክክ አለላት» እላት ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ ጨምሬያለሁ፤ ግን ይህ ትርጉም አይደለም፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ያን ዓመት የልጅቷ ጉዳይ አለቀ። ጊጊሪ ካለው የካናዳ ኤምባሲ ደብዳቤ መጣ፤ ቪዛዋ ተፈቅዷል፣ በስድስት ሳምንት ውስጥ ወደ እናቷ ትሄዳለች። የእኔ ስም ደብዳቤው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅሷል፣ እሱም አድራሻው ላይ። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ሻንጣ ውስጥ ከታጠፈው ጋቢ ስር አድርጌ ቆለፍኩበት።

መንገሩ የእኔ ድርሻ ሆነ። እህቴ በስልክ «ከእኔ ከምትሰማ ከአንቺ ትስማ፤ የምታምነው አንቺን ነው» አለችኝ። አንድ ሳምንት አለፈ። በሁለተኛው እሑድ እህቴ ስትደውል «ፈተና ላይ ናት» አልኳት። በሦስተኛው «ጉንፋን ይዟታል» አልኳት። ያኔ እህቴ «በሚቀጥለው እሑድ ካልነገርሻት እኔው እነግራታለሁ» አለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይህን የተናገረው ሰው የሰው ልጅ አሳድጎ አያውቅም።

እውነቱን ልናገር። ያልነገርኳት እንዳይከፋት ብዬ አልነበረም። ደስ እንዳይላት ነው የፈራሁት።

በዚያው ሳምንት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች፣ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለልጆች ፊልም ይታይ ብለው ወሰኑ። ፊልሙ ካርቱን ነው። ያውም ክፍል ሁለት። ክፍል አንዱን ልጆቹ በሙሉ ውዳሴ ማርያም እንደሚደግም ዲያቆን በቃላቸው ይዘውታል፤ ከወላጆች ግን አንድም ያየው የለም። በእኛ ዘንድ ማንኛውም ፊልም ለልጆች ከመታየቱ በፊት ሦስት ሽማግሌዎች አይተው ማጽደቅ አለባቸው። አዩት። ዋነኛዋ ባለታሪክ ዳክዬ ናት፤ እሷም ልብስ አልለበሰችም። በዚህ ላይ ውይይት እንደተደረገ ሰምቻለሁ። በመጨረሻ «ላባዋ ይበቃታል» ተባለና ጸደቀ። ዲቪዲው ከመንገድ ዳር የተገዛ የስርቆት ቅጂ መሆኑን ያነሳ ግን አልነበረም።

ሌላም ነገር ወሰኑ። ባለፈው ዓመት ያለ አስተርጓሚ በታየው ፊልም ልጆቹ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ሲስቁ ወላጆች በምን እንደሆነ ሳያውቁ ቀርተዋል። አንዳንዶቹም በእኛ ነው ብለው ጠርጥረዋል። ስለዚህ ዘንድሮ ወላጆች አብረው ይቀመጡ፣ ፊልሙም ልክ እንደ እንግዳ ሰባኪ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ይተርጎም ተባለ።

ሪሞቱን እንዲይዙ የተመረጡት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ሽማግሌ፣ ሥራውን ሊሰጡኝ ቤት ድረስ መጡ።

«ጋሼ፣ እንግዲያው ፊልሙን አስቀድሜ ልየው» አልኳቸው።

«ምን ያደርግልሻል? ስብከት አስቀድመሽ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። ኩራቴን ነኩብኝ፤ ተቀበልኩ።

ቅዳሜ ዕለት አዳራሹ ሞላ። ግድግዳው ላይ አንሶላ ተወጥሯል። ልጆቹ ፊት ለፊት ምንጣፍ ላይ፣ ወላጆቹ ከኋላ በፕላስቲክ ወንበር ተቀመጡ። እኔ ማይክራፎኔን ይዤ ከአንሶላው ጎን ቆምኩ። ጋሼ ሪሞቱን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። የእኔዋ ልጅ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አገጯን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች።

ገና ፊልሙ ሲጀምር አንዲት ዳክዬና አንድ ትንሽ ዔሊ ሐይቅ ዳር አብረው ቁርስ ሲበሉ ታዩ። ከኋላ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ።

«ይቅርታ፣ ዝምድናቸው ምንድነው?»

ጋሼ አቆሙት። እኔ አላውቅም። ልጆቹ ግን በአንድ ላይ ያስረዱ ጀመር። ከጩኸቱ መሀል የለየሁት ይህን ነው፤ በክፍል አንድ ጎርፍ መጥቶ የዔሊዋን እንቁላል ወሰደው፣ ዳክዬዋ ከጭቃ ውስጥ አገኘችውና ታቅፋ ፈለፈለችው፣ አሳደገችው፣ መዋኘትም አስተማረችው። እኔም ይህንኑ በማይክራፎን ደገምኩት። አባትየው «ታዲያ እንዲህ አትሉም? የጉዲፈቻ ልጅ ነው» ብለው ተቀመጡ። እኔ ያን ጊዜ ምንም አልጠረጠርኩም። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ነው።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ዳክዬዋ ትናገራለች፣ ጋሼ ያቆሟታል፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ ጋሼ ይለቋታል። በዚህ አካሄድ ከሃያ ደቂቃ በኋላም ቁርሱ አላለቀም። ልጆቹ «ጋሼ፣ ፕሊዝ!» እያሉ ሊያለቅሱ ደረሱ። ደግሞ የእኔ ድምፅ ሌላ ችግር አመጣ። ምእመኑ ይህን ድምፅ የሚያውቀው ከስብከት ጋር ነው። ስለዚህ ዳክዬዋ «ዛሬ ውሃው ንጹህ ነው» ስትል ከኋላ «አሜን!» የሚል መልስ መጣ። አንድ ጊዜ ከተጀመረ ማን ይመልሰዋል? ዔሊው «ራበኝ» ሲል ሁሉ «አሜን» አሉ።

በመጨረሻ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ፊልሙ ሳይቆም ይሂድ፣ እኔም እየሮጥኩ ልከተለው፤ የከበደ ነገር ከመጣ ብቻ ጋሼ ያቁሙት።

ያኔ አዳራሹ ሞቀ። አዞው ከውሃው ብቅ ሲል አንዲት እናት ከወንበራቸው ተነስተው «በኢየሱስ ስም!» አሉ። አዞው እውነትም ዘወር ብሎ ተመለሰ። ሦስት ሰው አጨበጨበ። አዞው አትክልት ብቻ እንደሚበላ ልጆቹ ከክፍል አንድ ያውቃሉና ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። እናትየው ግን ድሉ የጸሎቱ እንደሆነ እስከ መጨረሻው አምነው ተቀመጡ፤ እኔም ያንን የመተርጎም ግዴታ አልነበረብኝም።

ከዚያ ኮረብታው ላይ አንዲት ትልቅ ዔሊ ታየች። የጀርባ ቅርፊቷ የተሰነጠቀ፣ አቧራ የለበሰች፣ ዝግ ብላ የምትራመድ። ለካ እናቱ ናት። ጎርፉ ከለያቸው ቀን ጀምሮ በእግሯ ስትፈልገው ነበር። ዔሊ ናትና ክፍል አንድ መንገድ ላይ አለቀባት።

ከኋላ ያሉት ወላጆች እንዴት እንደሆኑ አልነግራችሁም። ከነዚያ ሰዎች ስንቱ በሞያሌ በኩል በእግሩ የመጣ ነው። ስንቱ ልጅ ጥሎ የመጣ ነው። አንዷ እልል አለች። ሁለት ልጆቿን ሐዋሳ ትታ የመጣች፣ በየእሑዱ አጠገቤ የምትቀመጥ ሴት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። ጋሼ ሪሞቱን ጭናቸው ላይ ጥለው መሐረብ ፍለጋ ኪሳቸውን ይዳብሳሉ። አንድ ሰውዬ ለዔሊዋ «አይዞሽ፣ ደርሰሻል!» ይላታል፣ በአማርኛ፣ ልክ እንደምትሰማው ሁሉ።

ልጆቹ ግን ቀዝቀዝ አሉ። «ሁ ኢዝ ሺ?» አለች አንዲት ትንሽ ልጅ በጥርጣሬ፣ ማናት ደግሞ ይቺ ማለቷ ነው። ሌላዋም «አያውቃትም እኮ! ለምን ይሄዳል?» አለች። ከምንጣፉ ላይ ሁሉም ለዳክዬዋ ወገኑ፤ ከፕላስቲክ ወንበሩ ሁሉም ለዔሊዋ። በመሀላቸው ማይክራፎን ይዤ የቆምኩት እኔ ላብ አጠመቀኝ። ወደ ሁለተኛው ረድፍ ላለማየት አንሶላው ላይ ዐይኔን ተክያለሁ። አንሶላው ላይ ያለው ደግሞ የባሰ ነበር።

የፊልሙ መጨረሻ ደረሰ። እናትና ልጅ ኮረብታው ስር ቆመዋል። ትንሹ ዔሊ ወደ ሐይቁ ዞሮ ዳክዬዋን ያያታል። ዳክዬዋ ዋኝታ ወደ ዳር መጣች፣ ላባዋን አራገፈች፣ ተናገረች። የተናገረችው ቀላል እንግሊዝኛ ነው። ከዚያ የከበደ የፍርድ ቤት ቃል ሳልደናቀፍ መልሻለሁ። ሰማሁት፣ ገባኝ፣ አማርኛውም ምላሴ ላይ ደረሰ።

«አትሂድ» አልኩ።

በዚህም አላቆምኩም። «አትሂድ። ከጭቃ ያነሳሁህ እኔ ነኝ። ያኔ እሷ የት ነበረች? ሲያስልህ ሌሊቱን ተቀምጬ ያነጋሁት እኔ ነኝ። ማን ጠየቀኝ? ማን አማከረኝ? አትሂድብኝ።»

«እኔ» ማለት የሥራዬ ሕግ ነው፤ ማንም አልጠረጠረም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለውም። ያን ሁሉ አልኩ እንጂ ዔሊው በጉንፋን ሲያስል በየትኛውም ክፍል አልታየም።

ከምንጣፉ ላይ ጩኸት ተነሳ። «ኖ! እንደሱ አላለችም!» «ሃፓና! አላለችም! አክስት፣ ዋሸሽ!» ልጆቹ እንግሊዝኛ እንደሚሰሙ ያንን ሁሉ ሰዓት አብሬያቸው ቆሜ ረስቼው ነበር። እዚያ የቆምኩት ለወላጆቻቸው እንጂ ለእነሱ እንዳልሆነ ያወቅኩት ያኔ ይመስል ደነገጥኩ።

ወላጆቹ ደግሞ እርስ በርስ ተያያዙ። «ምን አጠፋች? ያሳደገች እሷ ናት!» ሲል አንዱ፣ «ወላጅ እናት ያን ሁሉ መንገድ መጥታ? ይቺ ዳክዬ ነውረኛ ናት!» ትላለች ሌላዋ። በዚህ መሀል ፊልሙ ይሄዳል። ዔሊው ከእናቱ ጋር ኮረብታውን ይወጣል፤ ዳክዬዋ ደግሞ ክንፏን አንስታ ደስ ብሏት ትሸኘዋለች። ይህ ነገሩን አባሰው።

«አትሂድ ካለችው ለምን ታውለበልብለታለች?» አሉ ዝምድና የጠየቁት አባት።

«ለይሉኝታ ነው» አለ አንዱ።

ጋሼ አቆሙት። ዳክዬዋ ክንፏን እንዳነሳች አንሶላው ላይ ደርቃ ቀረች። ከኋላ አንድ ወንድም ተነስቶ ይከላከልልኝ ጀመር። «እህታችንን እናውቃታለን። አትጨምርም፣ አትቀንስም። የተበላሸው ፊልሙ ነው፤ ቅጂ ስለሆነ ድምፁና ምስሉ ተለያይቷል» አለ። ብዙ ራሶች በስምምነት ተነቀነቁ። ስሜ እንዲህ ጥሩ ባይሆን ኖሮ ያን ቀን ቶሎ እገላገል ነበር።

ጋሼ ግን ሞኝ አይደሉም። አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ዳክዬዋን አዩ። ከዚያ ወደ ምንጣፉ ዞሩ።

«ልጆች፣ ከእናንተ ወደ አማርኛ መመለስ የሚችል ማነው? ዳክዬዋ በትክክል ምን አለች?»

የእኔዋ ልጅ ተነሳች። አማርኛዋ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ የተጠቀጠቀ ነው፤ እሑድ እሑድ እንኳን በመከራ ነው የምትናገረው። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ እኔን ሳታይ፣ አንሶላውን እያየች ተናገረች።

«ሂድ» አለች። «ማማህ ከሩቅ ነው የመጣችው፣ በእግሯ። እኔ እዚሁ ነኝ፣ ሌኩም እዚሁ ነው፣ አይሄድም። አንተ ቢግ ስትሆን መንገዱን ታውቀዋለህ። አሁን ሂድ፣ ኢትስ ኦኬ።»

«አለች» አላለችም። «እኔ» ነው ያለችው። ይህን አስተምሬያት አላውቅም። አንዲት አልጨመረችም፣ አንዲት አልቀነሰችም።

«አሜን» አለ አንድ ሰው፣ ቀስ ብሎ።

ጋሼ ፊልሙን ለቀቁት። ዔሊዎቹ ኮረብታውን ተሻግረው ጠፉ፣ መብራቱ በራ፣ ጭብጨባ ሆነ። ጋሼ ማይክራፎኑን ከእጄ ወስደው «አስተርጓሚያችን ዛሬ ደክሟታል፤ ጌታ ያበርታት» ብለው ዘጉት። ሰዎች ስወጣ በዐይናቸው ሸኙኝ። በሚቀጥለው ወር እንግዳ ሰባኪ ሲመጣ ሌላ ሰው እንደሚያስተረጉም ያኔውኑ ገባኝ፤ እንደዚያም ሆነ። ልጆቿን ሐዋሳ የተወችው ሴት ብቻ በሩ ላይ ጠብቃኝ ክንዴን ያዘች። ለዔሊዋ ያለቀሰችበት ዐይኗ ገና ቀይ ነው።

«እህቴ» አለችኝ፣ «ዳክዬዋ እንዳልሽው ብትልም እኔ አልፈርድባትም ነበር።»

ወደ ቤት በእግራችን ሄድን። የሳውዝ ሲ መንገድ ቅዳሜ ማታ ገደማ ሰው ይበዛበታል። ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ፣ የበቆሎ ጥብስ ይሸጣል። ልጅቷ ከጎኔ ድንጋይ እየመታች ትሄዳለች። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ደረስን። የምጠይቃትን አውቀዋለሁ፣ መልሱንም ፈርቼዋለሁ።

«መቼ አወቅሽ?» አልኳት።

«ሌተሩ ሲመጣ።»

«ማን አነበበልሽ?»

ቆም ብላ አየችኝ፣ በእውነት እንደ ተገረመ ሰው። «አክስቴ፣ እንግሊዝኛ እኮ ነው።»

ሻንጣውን ቆልፌዋለሁ፤ የቁልፉን ቦታ ግን አብራኝ የምትኖር ልጅ እንዴት አታውቀው? ሹራቧን ስትፈልግ ነው ያገኘችው። ከዚያም በፊት ጠርጥራ ኖሯል። ለዲኤንኤ ምርመራ ከጉንጯ ውስጥ በጥጥ ምራቅ የወሰዱላት ቀን እኔ የጥርስ ምርመራ ነው ብያት ነበር። ይህንንም አነሳችብኝ። «ዴንቲስቱ ጥርሴን አላየም እኮ» አለች፣ ሳትቆጣ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ ውሸት ደግሞ ለካ ከመነሻውም ክብደት አልነበረውም።

«ደስ አለሽ?» አልኳት። ሦስት ሳምንት ያቃጠለኝ ጥያቄ ይኸው ነበር።

አሰበችበት። «አንድ ቀን ደስ ይለኛል፣ አንድ ቀን አይለኝም። ቱዴይ አላለኝም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«አንቺ እስክትነግሪኝ ዌይት አደርግ ነበር። ቶሎ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው።»

ልነግርሽ ነበር እኮ፣ ነገ ልነግርሽ ነበር አልኳት። «ሳዋ» አለች፣ እሺ ማለቷ ነው፣ እንደ ትልቅ ሰው። ከዚያም በቆሎ ግዢልኝ አለችኝ፤ ገዛሁላት። ያን ማታ እንኳን ቁጭ አድርጌ እንደ ሰው አልነገርኳትም። በቆሎ እየበላን ስለ አዞው አወራን። በራሴ አፈርኩ፤ ማፈሩ ግን አፌን አልከፈተልኝም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ስልኩ ጮኸ። እህቴ ሰላምታ እንኳን አላስረዘመችም። «ዛሬ አልሰማሽም፤ ስጪኝ፣ እኔው እነግራታለሁ» አለች። እሷም ከእኔ ባልተናነሰ ፈርታ ነበር፤ ይህን ግን ያን ቀን አልቆጠርኩላትም። ስልኩን ለልጅቷ ሰጠኋት። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ልጅቷ ምን እንደምትል አውቄዋለሁ፤ አልነገረችኝም፣ ደብቃኛለች፣ ሻንጣ ቆልፋለች ትላለች። ብትላት ደግሞ እውነት ነው።

«ሃይ እማዬ» አለች ልጅቷ። አዳመጠች። «አውቃለሁ። አክስቴ ነግራኛለች።» ደግሞ አዳመጠች። «ኖ፣ ድሮ ነው የነገረችኝ። በደንብ አድርጋ ነው የነገረችኝ።»

ስልኩን መልሳ ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። እህቴ ከዚያ ማዶ እየሳቀች ታለቅሳለች።

«እግዚአብሔር ይስጥሽ! እኔ እኮ አንቺን ስጠረጥር ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። ይቅር በይኝ እህቴ። እስቲ ንገሪኝ፣ እንዴት ብለሽ ነገርሻት?»

የሰውን ሁሉ ቃል ተቀብዬ ሳደርስ ኖሬ የራሴ አንድ ቃል አልነበረኝም። ልጅቷ አየችኝ። ወንበር ስባ ወጣችበት፣ ጆሮዋን ስልኩ ጎን አስጠጋች፣ በሹክሹክታ ትነግረኝ ጀመር።

«ቀስ ብለሽ ነው የነገርሽኝ።»

«ቀስ ብዬ ነገርኳት» አልኩ።

«አልጋው ላይ ቁጭ ብለን።»

«አልጋው ላይ ቁጭ ብለን።»

«አቀፍሽኝ።»

«አቀፍኳት።»

«ትንሽ አለቀስኩ፣ ብዙ አይደለም።»

«ትንሽ አለቀሰች፣ ብዙ አይደለም» አልኩ። እህቴ «ውይ ልጄ፣ ውይ ልጄ» ትላለች። ልጅቷ አንገቴን በአንድ እጇ ይዛ ወደ ጆሮዬ የባሰ ተጠጋች።

«አንቺ አላለቀስሽም በያት።»

አፌን ከፈትኩ። ይህችን ማድረስ ግን አልቻልኩም። እህቴ ከማዶ «ሄሎ? ሄሎ? አለሽ?» ትላለች።